ከእንቁላል እርባታ ወደ ጓሮ፦ ስለ ብሪቲሽ ሄን ዌልፌር ትረስት የኔ ሪቪው

እንግሊዝ ሀገር ያላችሁና ትንሽም ብትሆን ጓሮ ያላችሁ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። የምጽፈው ብሪቲሽ ሄን ዌልፌር ትረስት ስለሚባለው ቻሪቲ ነው፣ ከእንቁላል እርባታ ጊዜያቸው አልቋል ተብለው የሚወጡ ዶሮዎችን ተቀብሎ ለሰው ቤት የሚሰጥ ድርጅት ነው፣ በ2005 ዴቨን ውስጥ ጄን ሃዋርዝ የምትባል ሴት ጀመረችው፣ እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮ ቤት አግኝቷል በነሱ በኩል። እኛም ሦስት ወስደናል። አገልግሎቱ እንዴት ነው፣ ዶሮዎቹ ምን ሆነው ነው የሚመጡት፣ ከወሰዳችሁ በኋላስ ምን ይጠብቃችኋል የሚለውን በአማርኛ ተጽፎ ስላላገኘሁ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው። እንቁላል ለመጣል የተዳቀለች ዶሮ፣ እነዚህ ቡናማዎቹ፣ ሎማን ብራውን ምናምን የሚባሉት፣ በዓመት 300 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። የሀገር ቤቷ የሀበሻ ዶሮ 40፣ 60 ብትጥል ነው። የሁሉም ዶሮ ዘር ምንጭ የሆነችው የእስያ የጫካ ዶሮ ደግሞ በዓመት ደርዘን አካባቢ ጥላ ትታቀፋለች በቃ። እንግዲህ 300 ስትጥል ሰውነቷ ምን እንደሚሆን አስቡት፣ ለአንድ ቅርፊት ብቻ ወደ 2 ግራም ካልሲየም ያስፈልጋል፣ ከመኖው ያልበቃው ከገዛ አጥንቷ ነው የሚወጣው። ዕድሜዋ 72 ሳምንት አካባቢ ሲደርስ ቁጥሩ መቀነስ ይጀምራል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል፣ ስለዚህ ለገበሬው አያዋጣም፣ ቤቱ ባንዴ ይጸዳና አዲስ ቄብ ይገባል። አሮጌዎቹ ወደ ቄራ ይሄዳሉ። አሮጌ ያልኩት ዓመት ተኩል የሆናትን ዶሮ ነው።

ድሮ የነበረው ባትሪ ኬጅ የሚሉት የሽቦ ሳጥን ለአንዲት ዶሮ 550 ካሬ ሴንቲሜትር ነበር የሚሰጣት፣ ከአንድ ኤ ፎር ወረቀት ያነሰ ቦታ ማለት ነው። አውሮፓ በ1999 ባወጣው ሕግ ይሄ ከ2012 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ተከለከለ። ብዙ ሰው በዛው ኬጅ የሚባል ነገር የቀረ ይመስለዋል፣ አልቀረም። በምትኩ የመጣው ኮሎኒ ኬጅ የሚሉት ነው፣ ለአንዷ 750 ካሬ ሴንቲሜትር፣ የምትቆምበት ቆጥ አለው፣ እንቁላል የምትጥልበት ጥግ አለው፣ ስልሳ ሰማንያ ሆነው አንድ ላይ ይኖሩበታል። ከድሮው ይሻላል፣ አልክድም። ግን ፀሐይም አፈርም የለም። ሱፐርማርኬት ስትገቡ እንቁላሉ ላይ የታተመውን የመጀመሪያ ቁጥር እዩት፣ 3 ካለ ከኬጅ ነው፣ 2 ከቤት ሳይወጡ ወለል ላይ የሚኖሩ፣ 1 ወደ ውጪ የሚወጡ፣ 0 ኦርጋኒክ። ድርጅቱ ከኬጅም ከሌላውም ዓይነት እርባታ ዶሮ ይወስዳል፣ ምክንያቱም ውጪ ስትለቀቅ የነበረችውም መጨረሻዋ ያው ቄራ ነው።

አሁን ለኛ ለሀበሾች የሚቀርበውን ነገር ልንገራችሁ። የአፍሪካ ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ሃርድ ቺክን እየተባለ የሚሸጠውን ታውቁታላችሁ አይደል? የሱፐርማርኬቱ ዶሮ አምስት ስድስት ሳምንቱ ላይ የታረደ ጫጩት ነገር ስለሆነ ድስት ውስጥ ይፈራርሳል፣ ለዶሮ ወጥ አይሆንም፣ ስለዚህ ሁላችንም ሃርድ ቺክኑን ነው የምንገዛው። እሷ ማለት ይቺው ናት። ለዓመት እንቁላል ስትጥል ከርማ የወጣችው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ዶሮዎቹን ልወስድ ሳነብ ነው፣ ስንት ዓመት ገንፍዬ ሰርቼያት ከየት እንደምትመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሀገር ቤትም ያው ነው እኮ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ካሉት እርባታዎች ጊዜዋ ያለቀባት የፈረንጅ ዶሮ በሕይወት እያለች ትሸጣለች፣ በተለይ በዓል ሲደርስ።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። ዌብሳይታቸው ላይ ትመዘገባላችሁ፣ ለናንተ የሚቀርበውን የመረከቢያ ቦታ ትመርጣላችሁ፣ ሀገሪቱ ውስጥ በየቦታው አላቸው። ከዛ ቀን ሲኖር ቦታ ትይዛላችሁ። ፎርሙ ላይ ምን ዓይነት ቤት እንዳዘጋጃችሁ፣ ሌላ ዶሮ እንዳላችሁ ምናምን ይጠይቃሉ፣ አንድ ዶሮ ብቻ ስጡኝ ብትሉ አይሰጧችሁም፣ ቢያንስ ሦስት ነው፣ ዶሮ ብቻዋን አትኖርማ። ለእርድ አይደለም፣ እንደ ቤት እንስሳ ነው የምትወስዱት፣ ይሄን ተስማምታችሁ ነው። ዋጋ የሚባል ነገር የለም፣ ዶኔሽን ነው የምትሰጡት፣ ያ ገንዘብ ለትራንስፖርቱ ለሳጥኑ ለሁሉም ይሆናል። መምረጥ አይቻልም፣ ይቺ ላባ አላት ይቺን ስጡኝ የለም፣ እኔ ይሄን ወድጄዋለሁ፣ መምረጥ ቢቻልማ የተጎዱትን ማን ይወስዳቸዋል።

ቀኑ ሲደርስ ካርቶን ወይም የድመት መያዣ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ አየር የሚያስገባ መሆን አለበት፣ ከታች ገለባ ነገር አንጥፉበት። እኛ የሄድንበት ቦታ ሁሉም ሠራተኛ ቮለንቲር ነበር፣ በሌሊት እርባታው ድረስ ሄደው ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ጭነው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ድካማቸው ፊታቸው ላይ ይታያል ግን ለያንዳንዱ ሰው ቆመው ያስረዳሉ። ተራ ጠበቅን፣ ስማችንን አዩ፣ አንዲት ሴትዮ እያንዳንዷን ዶሮ ብድግ አድርጋ ክንፏን እግሯን አይታ ካርቶናችን ውስጥ ከተተችልን፣ ጥፍሯ የረዘመ ካለ ቆረጠችላት። ልጄ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ሁሉ ጠየቃት፣ ሁሉንም መለሰችለት። የደረት አጥንታቸው ከዚህ በፊት ተሰብሮ የገጠመ ሊሆን ይችላል፣ ስትይዟቸው ከታች ደግፉ ብላ አሳየችን፣ እውነትም በእንቁላል ዶሮ ላይ በጣም የተለመደ ነገር ነው፣ ከካልሲየሙ ጋር ይያያዛል።

ሌላ ያከበርኩላቸው ነገር ገበሬውን አይሰድቡም። የትኛው እርባታ እንደሆነ ለማንም አይናገሩም፣ ገበሬውን እንደ ጠላት አያዩትም፣ እሱም ዶሮዎቹን ቄራ ከመላክ ለነሱ መስጠቱን የሚመርጠው ስለሚያምናቸው ነው። ተሰዳድበው ቢሆን ኖሮ በሩን ማን ይከፍትላቸዋል? አንድ ሚሊዮን ዶሮ በጩኸት አይወጣም።

ዶሮዎቹ ምን ሆነው መጡ? እንዳትደነግጡ። ከሦስቱ አንዷ ደረቷና አንገቷ ራቁቱን ነው፣ አንዷ ጭራ የላትም፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጣ ብሎ አንድ ጎን ወድቋል፣ ቤት ውስጥ ሙቀት ላይ ስለኖሩ ነው። ልጆቹ ወርቂቱ፣ ብርቱካንና ጉዳዬ አሏቸው። መሬት ላይ ስናስቀምጣቸው ሣሩን ፈሩት፣ እግራቸውን ከፍ እያደረጉ ነበር የሚረግጡት፣ ነፋስ ሲመጣ ቁጭ ይላሉ። ማታ ወደ ቤታቸው መግባት እንዳለባቸው አያውቁም፣ እርባታው ውስጥ መሽቶ ሲነጋ የሚያውቁት አምፑል ሲጠፋና ሲበራ ነው እንጂ ጀንበር ጠልቃ አላዩም፣ ለመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ከየጥጋቱ እያነሳን ነው ያስገባናቸው። ከዛ ግን የሚገርመው ነገር አለ፣ ማንም ሳያስተምራቸው ጫር ጫር ማድረግ ጀመሩ። ጉዳዬ ደረቅ አፈር ያለበት ጥግ አገኘችና ተንከባለለችበት፣ አፈሩን በክንፏ እየረጨች ዓይኗን ጨፍና፣ በዕድሜዋ አፈር ነክታ የማታውቅ ዶሮ ናት ይቺ፣ እናቷንም አይታ አታውቅም፣ የተፈለፈለችው ማሽን ውስጥ ነው። እንዴት አወቀችው? ባለቤቴ እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙም የማያስደንቀው ሰው ነው፣ ሥራውን ትቶ መስኮት ላይ ቆመ።

ላባቸው የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፣ እሾህ እሾህ የሚመስል ነገር ቆዳቸው ላይ ይወጣል ከዛ ይከፈታል፣ በዛ ሰዓት ስትነኳቸው ያማቸዋል፣ ልጆቻችሁን ንገሯቸው። መኖን በተመለከተ መጀመሪያ የለመዱትን ዱቄት ዓይነት ስጧቸው፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ፔሌት፣ ተጨምቆ ፍሬ ፍሬ ወደሆነው መኖ፣ ታሸጋግራላችሁ፣ የተፈጨ የኦይስተር ቅርፊት ለብቻው በዕቃ አስቀምጡላቸው፣ ሲያስፈልጋቸው ራሳቸው ይበላሉ።

አሁን ለኛ ሰው በጣም አስፈላጊ ነገር። የተረፈ እንጀራ ለዶሮ መስጠት እዚህ ሀገር በሕግ የተከለከለ ነው። አዎ። እናቶቻችን ሙሉ ዶሮ በፍርፋሪ ነው ያሳደጉት ግን እዚህ ወጥ ቤት የገባ ምግብ፣ ጎመኑም ድንቹም ጭምር፣ ለዶሮ አይሰጥም፣ ለጓሮ ሦስት ዶሮም ቢሆን። ሕጉ የጠበቀው በ2001 የእግርና የአፍ በሽታ ወረርሽኝ ሀገሪቱን ከመታ በኋላ ነው፣ ሥጋና ወተት በነካ ምግብ በሽታ ይተላለፋል ብለው። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ቪጋን ከሆነ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ሁዳዴ ላይ ነን ማለት አይሠራም፣ ማብሰያው ያው ነው። ከጓሮ ተቀጥፎ ወጥ ቤት ሳይገባ በቀጥታ የሚሰጥ ጎመን ይቻላል። ስለዚህ እኛ ጎመን ተከልንላቸው።

ሁለተኛ፣ መመዝገብ ግዴታ ነው። ድሮ 50 ዶሮ ላለው ነበር፣ ከ2024 ኦክቶበር 1 ጀምሮ ግን እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ አንዲት ዶሮ ያለውም ይመዘገባል፣ ስኮትላንድ ከአንድ ወር ቀደም ብሎ ጀምሯል። በኢንተርኔት ነው፣ ነፃ ነው። ምክንያቱ በርድ ፍሉ (የወፍ ጉንፋን) ነው፣ በሽታው አካባቢያችሁ ሲገባ እንዲነግሯችሁ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ከ2022 ኖቬምበር 7 እስከ 2023 ኤፕሪል 18 እንግሊዝ ውስጥ ሁሉም ዶሮ ከቤት እንዳይወጣ ታዞ ነበር፣ ጓሮ ያለውም ጭምር። ስለዚህ ቤታቸውን ስታዘጋጁ አምስት ወር ሙሉ ሳይወጡ ሊኖሩበት እንደሚችሉ አስባችሁ ሥሩት፣ ከላይ የተሸፈነ፣ የዱር ወፍ ኩስ የማይገባበት፣ መንቀሳቀሻ ያለው። ከኬጅ አውጥታችሁ ሌላ ኬጅ ውስጥ እንዳትከቷቸው።

ስለ ቤቱ ካነሳሁ፣ ኦንላይን በርካሽ የሚሸጡትን የእንጨት የዶሮ ቤቶች ተጠንቀቁ። ከአንዱ ሻጭ (ስሙን አልጠራም) የመጣልን ለስድስት ዶሮ ይበቃል ተብሎ ለሦስትም የሚጠብ፣ እንጨቱ በጣት የሚታጠፍ፣ መዝጊያው ትንሽ ቁራጭ እንጨት ነበር። ሀገር ቤት ሸለመጥማጥና ጭልፊት ነው የሚፈራው፣ እዚህ ከተማ መሃል ቀበሮ አለ፣ ያውም ብዙ፣ ሽቦ ይበጥሳል፣ ከሥር ይቆፍራል፣ አንዴ ከገባ ሁሉንም ነው የሚጨርሰው። መልሰን ላክነውና ባለቤቴ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከወፍራም እንጨትና ከተበየደ ሽቦ ሠራው፣ የዶሮ ሽቦ የሚባለው ባለ ስድስት ማዕዘኑ ሳይሆን ጠንካራው ካሬ ካሬው፣ ከሥሩም መሬት ውስጥ ገብቶ ወደ ውጪ ተዘርግቷል። ጎረቤት ልጅ ሲያየው እስር ቤት ነው ወይ አለ፣ ግን እስካሁን ቀበሮው ዞሮ ዞሮ ይሄዳል።

ሌላው ጠላት ሬድ ማይት የሚሉት ደም መጣጭ ተባይ ነው። ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ማታ ወጥቶ ዶሮዋ ላይ ይመገባል። ማታ ባትሪ ይዛችሁ ቆጡን ከሥር እዩ፣ በነጭ ወረቀት ጥረጉት፣ ቀይ ጭረት ካለ አለ ማለት ነው። በጋ ላይ ይባዛል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው ፕላስቲክ ቤት የሚገዛው፣ ውድ ነው ግን ስንጥቅ የለውም፣ አቅም ካላችሁ እኔም እመክራለሁ።

እንቁላሉስ? ይጥላሉ። ጊዜዋ አልቋል የተባለችው ለንግድ ነው እንጂ እንቁላል አልጨረሰችም። ግን ለእንቁላል ብላችሁ አትውሰዱ። ክረምት ላይ ይቆማሉ፣ እርባታው ውስጥ መብራቱ እየተስተካከለ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ረጅም ይደረግላቸዋል፣ ጓሮ ውስጥ ግን ዲሴምበር ላይ ቀኑ 8 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ሀገር ቤት ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለያይ ይሄን አናውቀውም። እኛ ቤት ያረፉበት ክረምት ቆንጆ ነገር ነበር ለኔ፣ ላባቸውን ጥለው በአዲስ ተኩ፣ ሰውነታቸው የፈለገውን አደረገ። ፀደይ ላይ ደግሞ ልክ ሁዳዴ ሲገባ ተመልሰው መጣል ጀመሩ፣ 55 ቀን የማንበላውን እንቁላል። ለጎረቤት አደልን፣ በስም የማላውቃቸው ሰዎች አሁን በስሜ ይጠሩኛል፣ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚሆነውን እንቁላል ብቻ ከመጨረሻው ሳምንት አስቀርተናል።

አዎ ዶሮ ወጥ እንበላለን። እናቴ በስልክ ስታያቸው የመጀመሪያው ጥያቄዋ ይሄው ነበር፣ "ልጄ፣ ይቺን ላባ የሌላትን ከፍለሽ ነው ያመጣሻት? ለመቼ በዓል ነው?" አለችኝ። እንደማትታረድ ስነግራት ዝም አለች፣ ከዛ "ታዲያ ምን ትሠራልሻለች?" አለች። እውነቱን ነው የመለስኩላት፣ ምንም አትሠራም እማዬ፣ ዕረፍት ላይ ናት አልኳት። 300 እንቁላል የጣለች ፍጥረት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብትል ምን አለበት? እናቴ አሁን በደወለች ቁጥር "ጉዳዬ እንዴት ናት" ትላለች፣ ከኔ በፊት።

ከባዱን ነገር ሳልናገር ባልፍ ይህ ሪቪው ሙሉ አይሆንም። ብዙ አይቆዩም። አንዳንዷ ሦስት አራት ዓመት ትኖራለች፣ አንዳንዷ ወራት ብቻ። ሰውነታቸው ለእንቁላል ብቻ ተብሎ የተዳቀለ ስለሆነ የሚይዛቸውም በሽታ ከዛው ነው፣ እንቁላሉ ሆዳቸው ውስጥ ይፈስና ይመረቅዛል፣ ቅርፊት የሌለው እንቁላል መንገድ ላይ ይቀራል። ወርቂቱን ያጣናት እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ዶሮ አናይም አለን፣ ሁለተኛው ያየበት ዋጋ ለአንድ ዶሮ ብላችሁ የማታስቡት ነው። ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት አካባቢያችሁ ዶሮ የሚያይ ቬት ማን እንደሆነ ደውላችሁ እወቁ፣ ስንት እንደሚያስከፍልም ጠይቁ፣ ሌሊት ላይ ታማ አይደለም የሚፈለገው። መድኃኒት ከወሰደች ቬቱ የነገራችሁን ቀን ያህል እንቁላሏ አይበላም። የድርጅቱ ዌብሳይት ላይ ስለ በሽታና ስለ አያያዝ የተጻፈው በጣም ይረዳል፣ ጭንቅ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ልጄ ለወርቂቱ ብዙ አለቀሰ። ስለ እርባታዋ ያውቃል፣ ያቺ ሴትዮ ሳትደብቅ ነግራዋለች። ስንቀብራት "እሷ ሣር አይታለች" አለ። እኔ ከዚህ የተሻለ የምለው አልነበረኝም።

እንግዲህ ለአገልግሎቱ አምስት ከአምስት እሰጣለሁ። ምዝገባው ግልጽ ነው፣ ሰዎቹ የሚሠሩትን ያውቃሉ፣ የሚሰጧችሁ መረጃ ትክክል ነው፣ ዶሮዎቹን ሰጥተው ለመገላገል አይቸኩሉም። ኪራይ ቤት ያላችሁ ኮንትራታችሁን እዩ፣ አንዳንዱ እንስሳ ይከለክላል። አፓርታማ ላይ ያላችሁ ይቅርባችሁ፣ ዶኔሽን መላክ ትችላላችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ሀገር ቤት ለምትመላለሱ። ስትሄዱ ጠዋት የሚከፍት ማታ የሚዘጋ ሰው ከወዲሁ ያዙ፣ እኛ እንቁላል ከሚወስዱት ጎረቤቶች አንዷን ለምነን ነው የምንሄደው፣ አሳይተናታል፣ ቁልፍ ሰጥተናታል። ስትመለሱ ደግሞ ገጠር ዶሮ ያለበት ግቢ የገባችሁበትን ጫማ ጓሮ ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ሀገር ቤት አሁንም አለ፣ በጫማ አፈር ይተላለፋል። ጫማውን እዛው ለሰው ስጡት፣ ወይ በደንብ አጥባችሁ በፀረ ተባይ ነክራችሁ ነው፣ ለዶሮዎቹ ብቻ የሚሆን ቦቲ በር ላይ አስቀምጡ።